ጥያቄ አለኝ፦ ጡንቻና ነርቭ በማይክሮስኮፕ ሥር

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ጡንቻን የሚመለከቱ ናቸው፤ የላኩልን ተማሪዎች፣ የላቦራቶሪና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አዋሕደን ሰባቱን መርጠናል። አንድ ነገር አስቀድመን እንበል፦ «የጡንቻ ክር» ስንል አንዱን ረጅም የጡንቻ ሕዋስ ማለታችን ነው እንጂ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ዘንጎች አይደለም። ከሚላኩልን ጥያቄዎች ግማሹ ግራ መጋባት የሚነሳው ከዚህ ስያሜ ነው።

ጥያቄ፦ በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን በተቀለመ ስላይድ ላይ ልሙጥ ጡንቻ፣ ነርቭና ጥቅጥቅ ያለ አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ሦስቱም ሮዝ ክር ሆነው ነው የሚታዩኝ። በተግባር ፈተና ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። በምን ልለያቸው? (የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ)

መልስ፦ ቀለሙን ይተዉትና ኒውክለሱን ይመልከቱ። ሮዝነቱ ከስላይድ ስላይድ ይለያያል፤ የኒውክለሱ ቅርጽና የተቀመጠበት ቦታ ግን ብዙም አያታልልም።

ልሙጥ ጡንቻ ላይ ኒውክለሱን በሕዋሱ መሃል፣ ሮዙ ውስጥ ያገኙታል። ረዘም ያለ ነው፤ ጫፎቹ ደነዝ ናቸው። ሕዋሱ እንደተኮማተረ ከቀረ ኒውክለሱ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ ይታያል፤ ይህን ካዩ ሌላ ምልክት መፈለግ አያስፈልግዎትም። አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ላይ ኒውክለሶቹ ጥቂት፣ ቀጫጭንና ጠቆር ያሉ ናቸው፤ የሚገኙትም በክሮቹ መካከል እንጂ በክሮቹ ውስጥ አይደለም። ነርቭ ደግሞ ጥቅሉ በሙሉ ይጥመለመላል፤ ኒውክለሶቹም አብረውት ይታጠፋሉ፣ ጫፋቸውም ሾጠጥ ይላል። ዙሪያውን የሚያጥር ስስ ሽፋንም አለው። የነርቩን ረጅም ክር (አክሶኑን) የሚጠቀልለው ማየሊን ስብ ስለሆነ ስላይዱ ሲዘጋጅ በአልኮልና በዛይሊን ይታጠባል፤ በአግድም በተቆረጠ ነርቭ ላይ ባዶ ቀለበትና በመሃሉ አንድ ነጥብ የሚያዩት ለዚህ ነው። ነጥቡ አክሶኑ ነው።

አግድም የተቆረጠ ልሙጥ ጡንቻ ተማሪን የሚያደናግረው ክቦቹ ትልቅና ትንሽ ስለሚሆኑ፣ ኒውክለስም በጥቂቶቹ ውስጥ ብቻ ስለሚታይ ነው። ሕዋሱ መሃሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ ስለሆነ ቢላው አንዱን በመሃሉ፣ ሌላውን በጫፉ ይቆርጠዋል። ትንሹ ክብ ሌላ ዓይነት ሕዋስ አይደለም።

መጠን ለመገመት ቀይ የደም ሕዋስ ይፈልጉ። ስፋቱ ወደ 7 ማይክሮሜትር ስለሆነ ስላይዱ ላይ የተቀመጠ ማስመሪያ ነው ማለት ይቻላል። የልሙጥ ጡንቻ ሕዋስ ወፍራሙ ቦታ ላይ ከ3 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው፣ ከአንድ ቀይ ሕዋስ ብዙ አይበልጥም። የአጽም ጡንቻ ክር ከ10 እስከ 100 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ ባለብዙ ማዕዘን ነው፣ ኒውክለሶቹም ብዙ ሆነው ጠርዙ ላይ ይደረደራሉ። አሁንም ከተጠራጠሩ በማሶን ትራይክሮም የተቀለመ ስላይድ ይጠይቁ፤ ኮላጅኑ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ፣ ጡንቻው ቀይ ሆኖ ይለያል።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ጡንቻ ሲኮማተር ኤ ባንድ አይለወጥም፣ አይ ባንድ ይጠባል ይላል። ስላይድ ላይ ስለካ ግን ሳርኮሜሩ አንዴ 1.9፣ አንዴ 2.6 ማይክሮሜትር ይመጣል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። ሳርኮሜር ከአንዱ ዜድ መስመር (ቀጫጭኖቹ የአክቲን ዘንጎች ከተተከሉበት ድንበር) እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ስለሆነ ጡንቻው ሲሳብና ሲኮማተር ይለዋወጣል። የማይለወጠው የማዮሲኑ ወፍራም ዘንግ ነው፤ ርዝመቱ 1.6 ማይክሮሜትር ነው፣ ኤ ባንድ የሚባለውም እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ አይ ባንድን (በሁለት ኤ ባንዶች መሃል ያለውን ነጣ ያለ ጭረት) ለማወቅ ከሳርኮሜሩ 1.6 መቀነስ ይበቃል፦ በ2.6 ላይ 1.0 ማይክሮሜትር፣ በ1.9 ላይ 0.3 ማይክሮሜትር። ዘንጎቹ አላጠሩም፤ የሁለት እጅ ጣቶች እንደሚጠላለፉ አንዱ በሌላው መሃል ተንሸራተተ እንጂ። ይህን ሐሳብ በ1954 ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው ደርሰውበት በአንድ መጽሔት አብረው አወጡት፦ አንድሩ ሃክስሊ ከሮልፍ ኒደርገርኬ ጋር፣ ሂዩ ሃክስሊ ከጂን ሃንሰን ጋር። ሁለቱ ሃክስሊዎች ዘመዳሞች አይደሉም።

የመጽሐፍ ሥዕሎችን በጥንቃቄ እንዲያዩ እንመክራለን። ከጥንታዊዎቹ ሙከራዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በእንቁራሪት ጡንቻ ነው። የእንቁራሪት ቀጭን ዘንግ (አክቲኑ) ወደ 1.0 ማይክሮሜትር ሲሆን የሰው ግን ከ1.2 እስከ 1.3 ይደርሳል። ሳርኮሜሩ 2.6 በሆነበት የሰው ጡንቻ ላይ የሁለቱ ወገን ቀጫጭን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ሊነካኩ ምንም ያህል አይቀራቸውም፤ ስለዚህ መጽሐፉ በሥዕል ያሳየውን ሰፊ ኤች ዞን (በኤ ባንድ መሃል ቀጭን ዘንግ የማይደርስበት ቦታ) ቢፈልጉ አያገኙትም። ከክሩ ሽፋን ወደ ውስጥ የሚሰርጉት ቱቦዎች (ቲ ቱቦዎች) ነገርም እንዲሁ ነው። በእንቁራሪት ቱቦው በዜድ መስመር ላይ ያልፋል፤ በሰውና በሌሎች አጥቢዎች የአጽም ጡንቻ ግን ኤ እና አይ ባንድ በሚገናኙበት ቦታ ነው፣ በአንድ ሳርኮሜር ሁለት ጊዜ ማለት ነው። በልብ ጡንቻ ተመልሶ ዜድ መስመር ላይ ይገኛል። ፈተና ላይ «የየትኛው እንስሳ?» ብሎ መጠየቅ ያልተለመደ ቢሆንም ተገቢ ጥያቄ ነው።

የቱቦው ጥቅም ግልጽ ነው። 100 ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው ክር ውስጥ የላይኛው ሽፋን ላይ የደረሰው የኤሌክትሪክ ምልክት መሃሉ ካልገባ ውጪኛዎቹ ዘንጎች ቀድመው፣ ውስጠኞቹ ዘግይተው ይኮማተሩ ነበር። ቱቦው ምልክቱን ወደ ውስጥ ይዞ ይገባና ከግራና ከቀኝ በተጠጉት የካልሲየም ማጠራቀሚያዎች መሃል ያልፋል። የቱቦው ቮልቴጅ ዳሳሽ ፕሮቲን የማጠራቀሚያውን በር፣ ሪያኖዲን ተቀባይ የሚባለውን፣ ይከፍታል፤ ካልሲየሙም ዘንጎቹ አጠገብ ይለቀቃል።

ስለ አለካኩ ሦስት ነገር ያስተካክሉ። አንድ ሳርኮሜር ብቻ አይለኩ፤ አሥር ተከታታይ ለክተው ለአሥር ያካፍሉ። ቁርጡ ከክሩ አቅጣጫ ዘንበል ያለ ከሆነ ርቀቱ ከእውነተኛው ይረዝማል፤ ጭረቶቹ ከክሩ ጠርዝ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠሩበትን ቦታ ይምረጡ። በፓራፊን የተዘጋጀ ኅብረ ሕዋስ ደግሞ ስለሚሸበሸብ ቁጥሩ በሕይወት ካለው ጡንቻ ያንሳል። ኤ ባንድ በቀለም ጠቆር ሲል በፖላራይዝድ ብርሃን ግን እሱ ይደምቃል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነውና ሁለት ስላይድ ተቃራኒ ቢያሳዩዎት አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ የምናዘጋጀው የቀዘቀዘ የጡንቻ ናሙና ሁልጊዜ ወንፊት ይመስላል። ናሙናውን በቀጥታ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ነው የምንከተው፤ ከ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች የበለጠ ቅዝቃዜ ከየት ይመጣል? (የላቦራቶሪ ባለሙያ)

መልስ፦ ችግሩ ቅዝቃዜው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ሞቃት ኅብረ ሕዋስ ፈሳሽ ናይትሮጂን ሲነካ ናይትሮጂኑ ወዲያው ይፈላና ናሙናውን በጋዝ ይከበዋል። ጋዝ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ናሙናው ብርድ ልብስ ለብሶ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝ ሕዋስ ውስጥ ውሃው ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ ቅንጣቱ ማዮፋይብሪሎቹን (በክሩ ውስጥ ያሉትን የዘንግ ጥቅሎች) ገፍቶ ቦታ ይይዛል፤ ሲቀልጥ ቀዳዳው ይቀራል።

መፍትሔው አይሶፔንቴን ነው። የሚፈላው ወደ 28 ዲግሪ፣ የሚረጋው ወደ 160 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሆነ በናይትሮጂን ቀዝቅዞም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፣ ናሙናውንም ሳይፈላ ይነካዋል። አሠራሩ ግን ከቆረጣው ጀምሮ ነውና ከዚያ እንነሳ።

ናሙናው ወደ 1 ሴንቲሜትር የሚረዝምና ግማሽ ሴንቲሜትር የሚወፍር ይሁን። በቅርብ ሳምንታት መርፌ የተወጋ ወይም የኤሌክትሮማዮግራፊ (የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ) መርፌ የገባበት ጡንቻ አይወሰድ፤ መርፌው የሚተወው ቁስለት በሽታ መስሎ ይታያል። የተወሰደውን በሳላይን ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጎዝ ጠቅልለው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ ዕቃው በረዶ ላይ ይቀመጥ፣ ናሙናው ግን በረዶ አይንካ። ሳላይን ውስጥ መንከር ትልቅ ስሕተት ነው። ክሮቹ ውሃ ይጠጣሉ፤ ያ ውሃ በኋላ በረዶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አይሶፔንቴኑን ምንም ያህል ቢያሳምሩት ወንፊቱ አይቀርም። ወደ እናንተ ላቦራቶሪ ናሙናው ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባችሁ ይህን ነው። ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ደግሞ ለኤንዛይም ማቅለሚያ የሚሆን ነገር አይቀርም።

ቀጥሎ አቀማመጡ ነው። በማጉያ መነጽር እያዩ ክሮቹ በቡሽ ቁራጭ ላይ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ያድርጉ፤ አግድም ቁርጥ የሚገኘው እንደዚያ ነው። ክሮቹ ዘንበል ካሉ ሁሉም ክር ሰፍቶ ይታይና መጠን መለካት ከንቱ ይሆናል። ማጣበቂያውን፣ ትራጋካንት ሙጫም ሆነ ኦሲቲ፣ ከሥሩ ብቻ ያድርጉ፤ ናሙናውን በሙሉ ከሸፈናችሁት ራሱ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይሆናል። ላዩ ላይ ያለውን እርጥበት በጎዝ ጫፍ ይንኩት።

አይሶፔንቴኑን በብረት ኩባያ አድርገው ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ያንጠልጥሉት፣ እያማሰሉ ይጠብቁ። ዝግጁነቱ የሚታወቀው በሰዓት አይደለም፤ ከኩባያው ሥርና ጎን ነጭ እርጎ የመሰለ ነገር መርጋት ሲጀምር ነው። ይህ ማለት ሙቀቱ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ከዜሮ በታች ደርሷል። ገና ሳይረጋ መንከር በጣም የተለመደው ጥፋት ነው፤ ባለሙያው ይቸኩላል፣ ፈሳሹ ቀዝቃዛ ይመስላል፣ ውጤቱ ግን ያው ወንፊት ነው። ሙሉ በሙሉ ከረጋም አይጠቅምም፤ ትንሽ እንዲፈታ ይጠብቁ። ናሙናውን በፍጥነት ነክረው ከ10 እስከ 20 ሰከንድ እያንቀሳቀሱ ይያዙ። ከዚያ በኋላ በሞቀ ወረንጦ መያዝ የለበትም፤ ወረንጦው አብሮ ይቀዝቅዝ።

ቀዝቅዞ ያለቀው ናሙና ወደ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለ ክራዮስታት (በቅዝቃዜ ውስጥ ስስ ቁርጥ የሚቆርጥ መሣሪያ) ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከ8 እስከ 10 ማይክሮሜትር ይቆረጣል። ገና ብዙ የቀዘቀዘውን ከቆረጡት ይሰባበራል። ለማስቀመጥ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ አየር በማያስገባ ዕቃ። በረዶውን በራሱ የሚያቀልጥ የቤት ማቀዝቀዣ ዓይነት አይጠቀሙ፤ በየጊዜው ትንሽ እየሞቀ ቅንጣቶቹን ያሳድጋል፤ ዛሬ ጥሩ የነበረው ብሎክ ከወር በኋላ ይበላሻል።

የተበላሸው ብሎክ ብቸኛ ናሙና ከሆነ በፍጥነት አቅልጦ፣ እርጥበቱን አጥፍቶ፣ በትክክለኛው አይሶፔንቴን እንደገና ማቀዝቀዝ አንዳንዴ ያድነዋል። ተስፋ ባይጣልበትም መሞከር ከመጣል ይሻላል።

ቀዳዳው ከበረዶ ይሁን ከበሽታ ለመለየት ስርጭቱን ይዩ። የበረዶ ቀዳዳ ሁሉንም ክር በአንድ አካባቢ እኩል ያዳርሳል፣ ውስጡም ባዶ ነው። የበሽታ ቀዳዳ ጥቂት ክሮችን መርጦ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ ጠርዙ በጎሞሪ ትራይክሮም ማቅለሚያ ቀይ ቅንጣት ይታይበታል ወይም ውስጡ ግላይኮጅን ወይም ስብ ይዟል። ስለ ደኅንነትም፦ አይሶፔንቴን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ናይትሮጂኑ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑን ያባርራል። መስኮት ይከፈት።

ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚሄደው ቁራጭ ሌላ ነው። ከሰውነት የወጣ ጡንቻ ገና ሕያው ስለሆነ ማጽኛ ፈሳሹ (ኅብረ ሕዋሱን ባለበት የሚያቆየው ኬሚካል) ሲነካው በኃይል ይኮማተራል፤ ሳርኮሜሮቹ ተጨፍልቀው የዜድ መስመር ይጠፋል። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት በመቆንጠጫ በርዝመቱ ይያዝ፣ 2.5 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ ውስጥ ገብቶ ከጸና በኋላ ወደ 1 ሚሊሜትር ይሳሳ።

ጥያቄ፦ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ በተለመደው ስላይድ ለምን አናገኘውም? ደግሞስ አንድ የነርቭ ክር ስንት የጡንቻ ክር ያዛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። 10 ሴንቲሜትር የሚረዝም የጡንቻ ክር በ5 ማይክሮሜትር ውፍረት ቢቆረጥ 20,000 ቁርጥ ይወጣዋል። መገናኛው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክር ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ስፋቱ 30 ማይክሮሜትር ቢሆን የሚታየው በስድስት ቁርጥ ብቻ ነው። ከ20,000 ስድስት! መገናኛዎቹ ደግሞ በየቦታው አይበተኑም፤ በብዙ ጡንቻዎች በክሮቹ መሃል አካባቢ እንደ ቀበቶ ይሰለፋሉ። ናሙናው ቀበቶውን ካገኘ ብዙ፣ ካላገኘ አንድም አይገኝም። ተገኝቶም በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን የሚታየው የተሰበሰቡ ኒውክለሶች ብቻ ናቸው።

በትምህርት ቤት የሚታየው ስላይድ በወርቅ ክሎራይድ የተቀለመ፣ ክሮቹ በመርፌ የተፈለፈሉ ነው፤ ጥቁር የነርቭ ቅርንጫፍ ጡንቻው ላይ እንደ ቁጥቋጦ ጫፍ ሲያርፍ ያሳያል። ላቦራቶሪ ውስጥ አሴቲልኮሊኔስትሬዝ የሚባለውን ኤንዛይም ቡናማ የሚያደርግ ማቅለሚያ አለ። ለጥናት ደግሞ አልፋ ቡንጋሮቶክሲን፣ የእባብ መርዝ፣ የሚያበራ ቀለም ተለጥፎበት ይሰጣል፤ የአሴቲልኮሊን (ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት ኬሚካል) ተቀባዩን አጥብቆ ስለሚይዝ መገናኛው ብቻ ተለይቶ ያበራል።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አክሶኑ እዚህ ሲደርስ ማየሊኑን ጥሎ፣ የሽዋን ሕዋስ (ማየሊኑን የሚሠራው አጃቢ ሕዋስ) እንደ ክዳን ከላይ ሸፍኖት ይታያል። ነርቭና ጡንቻው አይነካኩም፤ ወደ 50 ናኖሜትር ክፍተት አለ። በነርቩ ጫፍ ከ40 እስከ 50 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ከረጢቶች ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ በሺዎች የሚቆጠር፣ ብዙ ጊዜ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚገመት፣ የአሴቲልኮሊን ሞለኪውል ይዟል። የኤሌክትሪክ ምልክቱ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ነርቩ ይገባል፣ ከረጢቶቹ ከሽፋኑ ጋር ተዋሕደው ይከፈታሉ። ኬሚካሉ በከረጢት ልክ እየተቆጠረ እንደሚለቀቅ ያሳየው በርናርድ ካትዝ ከባልደረቦቹ ጋር ነው፤ በ1970 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

የጡንቻው ሽፋን ሽብሽቦሽ አለው፤ ሽብሽቦሹ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። ተቀባዮቹ ከእጥፋቱ አናት፣ ልክ ከረጢቶቹ ትይዩ ተጨናንቀዋል፣ በአንድ ካሬ ማይክሮሜትር ወደ 10,000። የሶዲየም በሮች ግን በእጥፋቱ ጥልቀት ውስጥ ናቸው። ተቀባዩ የከፈተው ፍሰት ወደ ጥልቀቱ ሲወርድ እነዚያን በሮች ያገኝና ምልክቱ በጡንቻው ሽፋን ይሮጣል። ጤነኛ መገናኛ ከሚያስፈልገው በላይ ኬሚካል ይለቃል፤ ትርፍ አለው። ክፍተቱ ውስጥ የተሰካው ኤንዛይም አሴቲልኮሊኑን ወዲያው ስለሚቆራርጠው ትእዛዙ አይደጋገምም።

የመርዞቹና የበሽታዎቹ ልዩነት ከዚህ ሥዕል ላይ በቀላሉ ይነበባል። ቦቱሊነም መርዝ ከረጢቱን ከሽፋኑ ጋር የሚያያይዙትን ፕሮቲኖች ይቆርጣል፤ ኬሚካሉ አለ፣ አይወጣም። ኩራሬ ተቀባዩን ይዘጋል። ኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባይ ኤንዛይሙን ያስራል፤ ኬሚካሉ ይከማቻል፣ ጡንቻው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ይዝላል። ማያስቴኒያ ግራቪስ በሚባለው በሽታ ላይ የራስ አንቲቦዲ ተቀባዮቹን ያጠፋል፣ እጥፋቶቹም ይነጠፋሉ፤ ትርፉ ስላለቀ ታማሚው ጠዋት ደህና ሆኖ ሲደጋግም ይደክማል። በተለመደው ማይክሮስኮፕ የዚህ ታማሚ ጡንቻ ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል ምርመራው በናሙና ላይ አይመሠረትም።

ወደ ቁጥሩ ስንመለስ፦ አንድ የሞተር ነርቭ ሕዋስና የሚያዛቸው ክሮች በአንድነት ሞተር ዩኒት ይባላሉ። ዓይንን በሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች አንዱ ነርቭ ወደ አሥር ክር ገደማ ያዛል፤ በባት ጡንቻ ከ1,000 በላይ። ልብ ይበሉ፦ የአንድ ነርቭ ክሮች ጎን ለጎን አይቀመጡም፣ ከሌሎች ነርቮች ክሮች ጋር ተደባልቀው ይበተናሉ። ይህ ለስድስተኛው ጥያቄ ቁልፉ ነው።

ጥያቄ፦ ልብና አንጀትም እንዲህ ዓይነት መገናኛ አላቸው?

መልስ፦ የላቸውም። የራስ ገዝ ነርቭ ክሮች በጉዟቸው ላይ እንደ ዶቃ እያበጡ ይሄዳሉ፤ ኬሚካሉ ከየዶቃው ይለቀቅና ተሰራጭቶ በአቅራቢያው ያሉትን ሕዋሳት ይደርሳቸዋል። ልብ የምቱን ምልክት ራሱ ያመነጫል፤ ነርቭ ፍጥነቱንና ጉልበቱን ያስተካክላል። ምልክቱ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚያልፈው በኢንተርካሌትድ ዲስክ (የልብ ሕዋሳት በሚጋጠሙበት ድንበር) ውስጥ ባሉ ጋፕ ጃንክሽኖች፣ ሕዋስን ከሕዋስ በሚያገናኙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ነው። አንጀት ላይም ሕዋሳቱ በጋፕ ጃንክሽን ስለተያያዙ ነርቭ ያልነካው ሕዋስ ከጎረቤቱ ይሰማል። የዓይን አይሪስ ልሙጥ ጡንቻ ግን እያንዳንዱ ሕዋስ በነርቭ ስለሚታዘዝ ቁጥጥሩ የረቀቀ ነው።

ጥያቄ፦ ነርቩ የተቆረጠበት ታካሚ ጡንቻ እስከ መቼ ይጠብቃል? በማይክሮስኮፕስ ምን ይለወጣል? (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)

መልስ፦ ከቁርጡ በታች ያለው አክሶን በቀናት ውስጥ መፈራረስ ይጀምራል። ጡንቻው ግን አይሞትም፣ ይቀጥናል። በሳምንታትና በወራት ክሮቹ ይጠባሉ፣ በአግድም ቁርጥ ሾጣጣ ማዕዘን ያላቸው ትንንሽ ይሆናሉ፤ በኤንኤዲኤች ማቅለሚያ ጠቁረው ይወጣሉ። ቆይቶ ከክሩ የሚቀረው የኒውክለስ ክምችት ብቻ ሊሆን ይችላል። መገናኛው ላይ ብቻ የነበረው ተቀባይ በክሩ ሙሉ ገጽ ይሰራጫል፣ የፅንስ ዘመኑ ዓይነትም ይመለሳል። ለማደንዘዣ ባለሙያ ማሳወቅ ያለብዎት ለዚህ ነው፦ እንዲህ ያለ ታካሚ ጡንቻ የሚያላላው ሱክሲኒልኮሊን ቢሰጠው ፖታሲየም ከመላው ክር በአንዴ ወጥቶ ልብን ሊያቆም ይችላል።

አክሶን መልሶ ሲያድግ በቀን ወደ 1 ሚሊሜትር ይሄዳል። ጉዳቱ ከጡንቻው 30 ሴንቲሜትር ቢርቅ 300 ቀን፣ አሥር ወር ገደማ ነው። ጡንቻው ነርቭ ተቀብሎ በደንብ የሚያገግምበት ጊዜ በተለምዶ ከ12 እስከ 18 ወር ስለሚባል ከላይ ክንድ ላይ የተቆረጠ ነርቭ የእጅ መዳፍ ጡንቻዎችን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ የማይዘገየው ለዚህ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ማንቀሳቀስ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ነርቩ ደርሶ የደረቀ መገጣጠሚያ ካገኘ ምንም አልተሠራም።

ነርቩ በከፊል ከተጎዳ ሌላ መንገድ አለ። ከጉዳት የተረፈ የጎረቤት አክሶን ቅርንጫፍ አውጥቶ ባለቤት ያጡትን ክሮች ይረከባል። እዚህ ላይ ነው ቆንጆው ነገር፦ ክሩ ዝግተኛ (ዓይነት 1) ወይም ፈጣን (ዓይነት 2) መሆኑን በዋናነት የሚወስነው ነርቩ ነው። በ1960 ቡለርና ሁለቱ ኤክልሶች የድመት የፈጣንና የዝግተኛ ጡንቻ ነርቮችን አቀያይረው ሲሰፉ ጡንቻዎቹ ፍጥነታቸውን ወደ አዲሱ ነርቭ አቅጣጫ ለወጡ። ስለዚህ በኤቲፒኤዝ ማቅለሚያ (በፒኤች 4.3 ዓይነት 1 ይጠቁራል፣ በ9.4 ዓይነት 2) ጤነኛ ጡንቻ እንደ ዳማ ገበታ ተደባልቆ ሲታይ ነርቩ ተጎድቶ የተጠገነው ግን አንድ ዓይነት ክሮች በቡድን ተሰብስበው ይታያሉ። ያ ቡድን የአንድ ጎረቤት ነርቭ ግዛት ነው። በኋላ ያ ነርቭም ከሞተ ቡድኑ በሙሉ በአንዴ ይቀጥናል።

ዓይነት 2 ክሮች ብቻ ተበትነው ከቀጠኑ ግን ነርቭን ከመወንጀል በፊት አልጋ ላይ መዋልን ወይም ስቴሮይድን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በአግድም ቁርጥ ላይ በወፍራም ሽፋን የተከበቡ ጥቂት በጣም ትንንሽ ክሮች አየሁ። የቀጠኑ ክሮች ብዬ ሪፖርት ላድርግ?

መልስ፦ አያድርጉ፤ የገለጹት የጡንቻ ስፒንድል፣ የጡንቻን መለጠጥ የሚለካው አካል፣ ነው። በድርብርብ ሽፋኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 12 ትንንሽ ክሮች፣ በዙሪያቸውም ፈሳሽ የሞላው ክፍተት አለ። በመሃላቸው ኒውክለሶቹ እንደ ከረጢት የተከማቹባቸው ወፈር ያሉ፣ ኒውክለሶቹ በሰንሰለት የተሰለፉባቸውም ቀጠን ያሉ ክሮች አሉ። ወደ ውስጥ የሚገባው ወፍራም የስሜት ነርቭ (ዓይነት አንድ ኤ) በክሮቹ መሃል ተጠምዝዞ የመለጠጥን መጠንና ፍጥነት ይነግራል፤ ዓይነት ሁለት የሚባለው በዋናነት የርዝመቱን መጠን ይነግራል። የክሮቹን ጫፎች ደግሞ ጋማ የሚባሉ ቀጫጭን የሞተር ነርቮች ይስባሉ፤ ባይስቡ ጡንቻው ሲኮማተር ስፒንድሉ ላልቶ ምንም አይናገርም ነበር።

በአንገትና በእጅ ትንንሽ ጡንቻዎች ስፒንድል በብዛት አለ። ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት ብሎኩን ወደ ታች ይቁረጡ። ስፒንድል ከጥቂት እስከ 10 ሚሊሜትር ስለሚረዝም በ10 ማይክሮሜትር ቁርጥ ያው ክብ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቁርጦች ላይ ተከታትሎ ይታያል፤ መጀመሪያ መሃሉ ሰፍቶ፣ ወደ ጫፉ ሲቀርብ እየጠበበ፣ መጨረሻ ላይ ሽፋኑ ክሮቹን ተጣብቆ እስኪዘጋ ድረስ።